ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከእንዶዱ በኋላ

ሻሸመኔ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ የፋርማሲ ተማሪዎች ከእኔ አንድ ጥያቄ አይቀርላቸውም፤ አንድ መድኃኒት ከተገኘ በኋላ በማን ገንዘብ፣ በማን ፈቃድ ሕመምተኛው ዘንድ ይደርሳል? ፋርማኮሎጂውን የሚያንበለብሉት ልጆች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ብጠየቅ ዝም ነበር የምለው። ስለዚህ የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ አወራቸዋለሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ይዘው በ1964 ተመለሱና አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ማጥናት ጀመሩ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፈዋል። በእንዶድ ነጠላ ሲታጠብ ያላየ ማን አለ? ልብ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዩኒቨርሲቲው አቋቋሙ። አድዋ ላይ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ።

በዚህ ማለቅ ነበረበት አይደል? አላለቀም። ዓለም አቀፍ ደረጃን ያሟላ የመርዛማነት ምርመራ ተጠየቀ፤ ለዚያ የሚሆን ላቦራቶሪም ገንዘብም እኛ ዘንድ አልነበረም። ዓመታት በደብዳቤና በስብሰባ አለቁ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ አሜሪካ ውስጥ፣ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ባለዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ፤ የፓተንቱ ባለቤት የሆነው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ። ከዝዋይና ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚመጡ የቢልሃርዚያ ሕመምተኞች ግን ዛሬም አሉን።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይናደዳሉ። እኔ ደግሞ ወረቀትና ካልኩሌተር አወጣለሁ። አንድ ኩንታል እንዶድ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ አሽጎ ለማቅረብ ስንት ይፈጃል? ምርመራውን ማን ይከፍላል? መብቱ በማን ስም ይመዘገባል? አንዳንዱ ይህን የነጋዴ ሥራ ነው ይለኛል። የሠራሁበት አንድ ጤና ጣቢያ ፍጆታውን ማንም ሳያሰላ የተገዛ መድኃኒት ጊዜው አልፎበት በካርቶን ሲቃጠል ቆሜ አይቻለሁና አልስማማም።

የወጪው ስሌት ላይ እንደምንም እንወጣዋለን። ፓተንቱ ላይ ስንደርስ ግን እኔም እቸገራለሁ። ከመካከላችሁ በመድኃኒት ቁጥጥር ወይም በአእምሯዊ ንብረት ሥራ ላይ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ከሰዓት ሻሸመኔ ብቅ ብላችሁ አስተምሩልኝ። ምሳ በእኔ ነው።