ከሰው መልክ ወደ መስቀል ምልክት

ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ፊት ሲሥል ኖሮ በመጨረሻ ፊቱን ራሱን መስቀል ያደረገውን የሩሲያዊውን ሠዓሊ የአሌክሲ ያቭሌንስኪን ሕይወት ለአንባብያን እናቀርባለን።

ያቭሌንስኪ እ.ኤ.አ. በ1864 ዓ.ም. በሩሲያ ተወለደ። በጦር መኮንንነት እያገለገለ በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ ከታላቁ ሠዓሊ ከኢልያ ሬፒንም ዕውቀት ቀሰመ። በ1896 ውትድርናውን ትቶ ወደ ጀርመን፣ ወደ ሙኒክ ከተማ ተሻገረ። በዚያ የሣላቸው ሰዎች ቀለማቸው እጅግ የደመቀ፣ በወፍራም መሥመር የተከበቡና ዓይኖቻቸው የጎሉ ነበሩ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንደ ጠላት አገር ዜጋ ተቆጥሮ ከጀርመን ተባረረ። በስደት በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ በምትገኝ መንደር ተቀመጠ፤ ከመስኮቱ የሚታየውን መንገድና ዛፍም ደጋግሞ ሣለ። ከ1917 ጀምሮ ወደ ሰው ፊት ቢመለስም የሚሥለው የአንድን ሰው መልክ አልነበረም። ዓይኖች ተከደኑ፤ ፊቱም በጥቂት መሥመሮችና ቀለማት ብቻ ተወሰነ። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹን በመድኃኔዓለም ገጽ ሰየማቸው። ያደገበት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕለ አድኅኖ ከልቡ እንዳልጠፋ ከዚህ እንረዳለን።

በ1921 ወደ ጀርመን ተመልሶ በቪስባደን ከተማ ኖረ። ከ1929 ወዲህ ግን የመገጣጠሚያ በሽታ እጆቹን ያሥራቸው ጀመር። በ1933 ናዚዎች ሥራውን ለሕዝብ እንዳያሳይ ከለከሉት፤ በ1937 ደግሞ 72 ሥራዎቹን ከጀርመን ቤተ መዘክሮች ወረሱ። እርሱ በዚህ ሁሉ መካከል ከ1934 እስከ 1937 ድረስ ብሩሹን በሁለት እጁ ይዞ፣ በሥቃይ፣ አንድ ሺህ ገደማ ትንንሽ ሥዕሎችን ሣለ። ተመስጦ ሲል በሰየማቸው በእነዚህ ሥዕሎች አፍንጫው ቁልቁል የወረደ መሥመር፣ ዓይኖቹ አግድም የተዘረጋ መሥመር ሆነው ፊቱ መስቀል ሆነ። ጨለማ በሆነው ቀለም ውስጥም ብርሃን ያበራል።

ከ1938 ጀምሮ መሣል ፈጽሞ ተሳነው። በ1941 ዐርፎ በዚያው ከተማ በሩሲያ ኦርቶዶክስ መካነ መቃብር ተቀበረ።

አገሩን፣ ጤናውንና ዝናውን ያጣው ይህ ሠዓሊ፣ እጁ በደከመ መጠን ሥዕሉ ወደ ጸሎት እንደቀረበ ከሕይወቱ እንማራለን።