የበረኪናው ሐኪም

እናቴ ወለሉን በበረኪና ስትወለውል ጎረቤታችን አይተው ጀርሙን እያለማመደችው መሆኑን ነገሯት። እውነት ይሆን ብዬ ሳገላብጥ ያገኘሁት ኢግናዝ ዘመልቫይስን ነው።

ሐንጋሪያዊው ዘመልቫይስ በ1818 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ በ1846 በቪየናው ትልቅ ሆስፒታል ማዋለጃ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ማዋለጃው ሁለት ክፍል ነበረው። ሐኪሞችና ተማሪዎቻቸው በሚያዋልዱበት እናቶች በአራስ ትኩሳት ይረግፋሉ፤ አዋላጆች ባሉበት ግን ሟቹ በጣም ያንሳል። ይህን የሰሙ ነፍሰ ጡሮች ሐኪሞቹ ጋ እንዳይመደቡ ተንበርክከው ይለምኑ ነበር።

በ1847 ጓደኛው ኮሌችካ አስከሬን ሲመረመር በተማሪ ቢላ ተወጋና ልክ እንደ አራሶቹ ታሞ ሞተ። ያኔ ነገሩ ተገለጠለት። ለካ ሐኪሞቹ ከሬሳ ክፍል ቀጥታ ወደ ምጥ ክፍል ነው የሚመጡት! እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ኤፕሪል ላይ ከመቶ 18 የነበረው ሞት ጁን ላይ 2 ገደማ ሆነ።

ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም፤ ገዳዮቹ እናንተ ናችሁ እንደማለት ነዋ። በ1849 ከሥራው ወጣ። በ1865 የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገባና በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በ47 ዓመቱ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ። ክሎሪን የጀርሙን ብዙ አካል ባንዴ ስለሚያጠቃ በቀላሉ አይለመድም። ስጋታቸው ይበልጥ የሚሠራው ትሪክሎሳን ለሚባለው ነው፤ እሱ በትንሹ ሲሆን አንድ ኢንዛይም ላይ ስለሚያነጣጥር ጀርሙ ማምለጫ ያገኛል። አሜሪካ በ2016 ከቤት የእጅ ሳሙና ያገደችው ግን ከተራ ሳሙና መብለጡና ለረጅም ጊዜ ደህና መሆኑ ስላልተረጋገጠ ነው። እናቴ አሁንም በበረኪና ትወለውላለች፤ መስኮቱን ከፍታ።