ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ከባቲ ከተማ በስተ ምሥራቅ የአፋር ቆላ ተዘርግቶአል፤ በስተ ምዕራብ የወሎ ደጋ ተራሮች ቆመዋል። ሰኞ ቀን የቆላው ሰው ግመሉን እየሳበ፥ የደጋው ሰው እህሉን ጭኖ ከገበያው ይገናኛሉ። ልጆች ይህን አገር በሥዕል አሳዩ ቢባሉ፥ የተራራውን ቅርጽና የግመሉን እግር ይሥላሉ። የፀሐዩ ትኩሳትና የመንገደኛው ጥማት ግን እንዴት ይሣላል? በሥዕል ውስጥ ልብ የሚሰማውን መግለጥ እንደሚቻል ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ካሳዩት መምህራን አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ መጻሕፍትንም በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጁ የአባቱን እጅ እየተመለከተ ሥዕልን ወደደ። ካደገ በኋላ በአዲስ አበባ የሳይንስ ትምህርት ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ሥዕል ስላዘነበለ ተወው። በ1957 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ የሥዕልን ጥበብ ተማረ። በዚያም ቀለም የነገሩን መልክ ብቻ ሳይሆን የሠዓሊውን ኀዘንና ደስታ እንዲናገር ማድረግን ለመደ።

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፥ ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1963 ሥዕሎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን አሣሣል ስላልለመዱት ነቀፉት። እርሱ ግን ነቀፌታን ፈርቶ መንገዱን አልለወጠም፤ ተማሪዎቹንም ማስተማር አልተወም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው።

ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበረ፤ ስለ አገሩ የጻፈው ግጥም እስከ ዛሬ ይነበባል። ነገር ግን አገሩን እንዲህ የወደደው ሰው በኋለኛው ዘመኑ በስደት ኖረ፤ በ1981 በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ክፍል በሎውተን ከተማ ሞተ። እርሱ ለመመለስ ባይችልም፥ በጀርመን አገር የነበሩ ሥዕሎቹ ከሞተ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሱ፤ በአዲስ አበባም በስሙ የተጠራ ሙዚየም ተከፈተ።

ልጆች ሆይ፥ እናንተም የአገራችሁን ተራራና ሜዳ ለመሣል ብትፈልጉ አስቀድማችሁ በትዕግሥት ተመልከቱ። ከዚያም ልባችሁ የተሰማውን ሳትደብቁ በቀለም ግለጡ። የባልንጀራችሁ ሥዕል ከእናንተ ሥዕል ቢለይ አትሳቁበት፤ እርሱ ያየውን እናንተ ገና አላያችሁት ይሆናል። እናንተም በተነቀፋችሁ ጊዜ ሥራችሁን መርምሩ፤ እውነት ሆኖ ካገኛችሁት አትተዉት።