ዐፄ ቴዎድሮስና የመቅደላው ወሬ

ሄንሪ ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጠኛ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ አስቀድሞ ስዊዝ ላይ ለቴሌግራፍ ሹሙ ገንዘብ ሰጥቶ ወሬው ከሌሎቹ እንዲቀድምለት ተስማምቶ ነበር። ስለዚህ የዐፄ ቴዎድሮስ ሞት ለንደን የተሰማው ከጦር አዛዡ መልእክት በፊት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ግን በዚያ ወሬ ውስጥ አልነበረም።

የቋራው ካሣ መሳፍንቱን በየተራ ድል ነሥተው፥ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በ1850 ዓ.ም. እጅግ የሚወዷቸው ባለቤታቸው ተዋበች ሞቱባቸው። ጥቂት ቆይቶ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ዮሐንስ ቤል ተከታትለው ተገደሉ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ስላጣ፥ ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። ዐመፁ ሲበዛና ግዛታቸው ሲጠብ ቁጣቸው በረታ፤ በመጨረሻም በእስላምጌ ብዙ እስረኞች ወደ ገደል እንዲወረወሩ አዘዙ። ይህን መሸፈን አይገባም።

የባሕር ማዶ ጸሐፊዎች ይህን አይተው እብድ አሏቸው። የአእምሮ ሕመም ግን ሐኪም መርምሮ የሚያውቀው ነገር ነው እንጂ ጋዜጣ በሩቁ የሚለጥፈው ስም አይደለም። በእኛ በኩል ያለነው ደግሞ መጨረሻቸውን የጀግና ሞት ብቻ አድርገን በግጥምና በቲያትር አከበርነው። ሁለቱም ወገን የብዙ ዓመት ኀዘንንና መከራን በአንድ ቃል ቋጨው።

ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ ጦራቸው በአሮጌ ተሸነፈ። በማግሥቱ ቅዳሜ ንጉሡ በራሳቸው ላይ ሲነሡ፥ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ከልክለው አተረፏቸው። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን ምሽጉ ሲደፈር ግን በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አኳኋኑን ይህ ገጽ አይዘረዝርም። ሰኞን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ቅዳሜን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ለጋዜጠኞች ባወጣውና ከዚያም ደጋግሞ ባሻሻለው መምሪያ፥ እንዲህ ያለው ሞት አኳኋኑ እንዳይዘረዘር፥ በአንድ ምክንያት እንዳይተረጐም፥ እንዳይሞገስም ይመክራል፤ እርዳታ የት እንደሚገኝ ግን እንዲነገር ያሳስባል። ዝርዝሩ በጭንቅ ላይ ያለውን ሌላ ሰው ወደዚያው ሊገፋው ይችላልና። ዛሬ በሐዋሳ ከተማ ለራዲዮ ዜና የሚያዘጋጅ ወጣት እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው የሚያስቸኩለው የሰኞው ነገር ነው። የቅዳሜውን፥ ማለትም ማን ደርሶ እንዳዳነና እንዴት እንደ ተቻለ፥ ለመጠየቅ አንድ ሰዓት ቢዘገይ አድማጩ አይቀየመውም።

ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፥ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሕመም አረፈ። ከአባቱ አስከሬን ለመታሰቢያ ተብሎ የተቆረጠው ጠጉር ደግሞ በእንግሊዞች እጅ ከኖረ በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም. ከለንደን የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ለኢትዮጵያ ተመለሰ።