የሸክላ አድማጮችን ያሰባሰቡት ደራሲ

ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ይባላል። ይህ አባባል ለእንጀራና ለወጥ ብቻ ሳይሆን ለሙዚቃም ይሠራል። አንድ ሰው ማታ በቤቱ ተቀምጦ ጥሩ የሙዚቃ ሸክላ ቢያዳምጥ ደስ ይለዋል፤ ይሁን እንጂ በማግስቱ ስለ ሰማው ነገር የሚያወያየው ጓደኛ ካጣ ደስታው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ይህን ጉድለት ተመልክተው፣ በየቤታቸው ተበታትነው ያዳምጡ የነበሩትን ሰዎች በአንድ መጽሔት ዙሪያ ያሰባሰቡት ደራሲው ሰር ኮምፕተን ማኬንዚ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማኬንዚ በጃንዋሪ 17 ቀን 1883 በሰሜን እንግሊዝ በዌስት ሃርትልፑል ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም እናታቸውም የቲያትር ሰዎች ነበሩ፤ እኅታቸው ፌይ ኮምፕተንም ዝነኛ ተዋናይ ሆናለች። እሳቸው ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከተማሩ በኋላ ብዕርን መረጡ። በ1912 ካርኒቫል የተባለው ልብ ወለዳቸው፣ ቀጥሎም በ1913 እና በ1914 በሁለት ክፍል የወጣው ሲኒስተር ስትሪት ስማቸውን አስጠራ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጋሊፖሊ ዘመቱ፤ ከዚያም በግሪክ አገር ለመንግሥታቸው በስለላ ሥራ አገለገሉ።

ከጦርነቱ በኋላ የማኬንዚ ልብ ከከተማ ርቆ ወደ ደሴት አዘነበለ። በኢጣልያ በካፕሪ ደሴት ኖሩ፤ በ1920 ደግሞ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ባሕር ላይ ያለችውን ሄርም የተባለች ትንሽ ደሴት ተከራዩ። ከሰው የራቀ ኑሮ የሚወዱ የሚመስሉት እኚህ ሰው የብዙ ሺህ ሰዎችን ጉባኤ የሚመሩ ይሆናሉ ብሎ የሚገምት አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የሸክላ ሥራ ገና በኤሌክትሪክ አይረዳም ነበር። ዘፋኙም ሆነ ሙዚቀኞቹ እንደ ጡሩምባ አፉ በሰፋ ቀንድ ፊት ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ድምፃቸው በቀንዱ ውስጥ አልፎ መርፌውን ያንቀጠቅጠዋል፤ መርፌውም በሰም ላይ ይጽፋል። በአንድ የሸክላ ገጽ ላይ የሚገባው ሙዚቃ ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ረዥም ሲምፎኒ የሚቀረጽ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህም ከዚያም እየተቈረጠ ነበር። ብዙ የተማሩ ሙዚቀኞችም ግራሞፎንን እንደ ልጅ መጫወቻ ይቈጥሩት ነበር።

ማኬንዚ በ1922 አንድ ግራሞፎን ገዙ። በደሴታቸው ሆነው የኦርኬስትራና የኳርቴት ሸክላዎችን እያስመጡ ሲያዳምጡ መሣሪያው ከተባለለት በላይ ቁም ነገር ያለው ሆኖ አገኙት። ይህንኑ አሳባቸውን ዴይሊ ቴሌግራፍ በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ጽሑፋቸውን ያነበቡ ብዙ ሰዎችም ደብዳቤ ላኩላቸው። ማኬንዚ ከዚህ የተረዱት ነገር ቢኖር እንደ እሳቸው በየቤቱ ብቻውን የሚያዳምጥ፣ አሳቡንም የሚያካፍለው ያጣ ሰው እጅግ ብዙ መሆኑን ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሸክላ ውድ ዕቃ ነበር። ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ጸሐፊ ወይም ተማሪ አንድ ሲምፎኒ ለመግዛት ገንዘቡን ቈጥቦ ሱቅ ሲሄድ የሚያማክረው አልነበረውም። የኩባንያው ማስታወቂያ ሁሉንም ያመሰግናል፤ ባለሱቁም የሚሸጠውን ዕቃ አይነቅፍም። ሰውዬው ቤቱ ደርሶ ሸክላውን ሲያጫውት ከሙዚቃው ግማሹ ተቈርጦ ቢያገኘው ገንዘቡም ደስታውም ከሰረ ማለት ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው ሸክላውን ቀድሞ ሰምቶ እውነቱን የሚናገር ወዳጅ ነበር።

ማኬንዚ ይህን ወዳጅ በወረቀት ላይ ሠሩት። ከባለቤታቸው ወንድም ከክሪስቶፈር ስቶን ጋራ ሆነው በኤፕሪል 1923 ዘ ግራሞፎን የተባለውን መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር አወጡ። በመጽሔቱ ላይ አዳዲስ ሸክላዎች እየተመረመሩ ተጫዋቹ እንዴት እንደ ተጫወተ፣ ቀረጻው ጥራት ያለው መሆን አለመሆኑ ይጻፍ ነበር። ከዚህም ሌላ ለአንባቢዎች ደብዳቤ ቦታ ተሰጠ። አንባቢዎቹም ያሰቡትን ከመጻፍ አልቦዘኑም። የብረት መርፌ ይሻላል ወይስ ሸክላውን የማይጐዳው የቀርከሃ መርፌ በሚለው ነገር ብቻ እንኳ ብዙ ክርክር ተካሂዷል።

ማኬንዚ በወሬ ብቻ አልቆሙም። በጥቂት መሣሪያዎች የሚጫወት የረቀቀ ሙዚቃ ገዢ የለውም እየተባለ ኩባንያዎች ቸል ይሉት ስለ ነበር፣ አድማጮች ገንዘብ እያዋጡ ሙሉውን ሳይቈረጥ የሚያስቀርጹበት ብሔራዊ የግራሞፎን ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ከ1924 ጀምሮ እንደ ቤቶቨን ያሉ የታላላቅ ደራሲዎችን ኳርቴቶች ለአባላቱ አቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ራሱ ይህን መንገድ ተከተለ፤ ፒያኖ ተጫዋቹ አርቱር ሽናቤል 32ቱን የቤቶቨን ሶናታዎች በሸክላ ያስቀረጸው አስቀድመው በተመዘገቡ አድማጮች ገንዘብ ነበር። ስቶንም በበኩላቸው በ1927 በብሪታንያ ራዲዮ ሸክላ እየመረጡ ያሰሙ ጀመር።

እኚህ ሰው አልተሳሳቱም ማለት አይደለም። በ1925 ሸክላ በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቀረጽ ሲጀምር ማኬንዚ አዲሱን ድምፅ ሻካራ ነው ብለው በመጽሔታቸው ላይ አጥብቀው ነቀፉት። ዳሩ ግን ደጋግመው ከሰሙና ሥራውም ከተሻሻለ በኋላ አሳባቸውን ለወጡ። በአደባባይ የነቀፉትን ነገር መልሶ መቀበል ለሚታወቅ ሰው ቀላል አይደለም፤ የአንባቢዎቻቸውን እምነት ያተረፈላቸው አንዱ ነገር ግን ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በሌላው ሥራቸውም ፈተና አላጣቸውም። በጦርነቱ ጊዜ በግሪክ ያዩትን በ1932 በመጽሐፍ ቢያወጡ የመንግሥት ምሥጢር ገልጠዋል ተብለው ተከሰሱ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተነሣ፤ እሳቸውም አንድ መቶ ፓውንድ ተቀጡ። ማኬንዚ ግን ብዕራቸውን አላስቀመጡም፤ በሚቀጥለው ዓመት በስለላ መሥሪያ ቤት የሚቀልድ ልብ ወለድ አሳተሙ።

በስኮትላንድ ምዕራብ ባለችው በባራ ደሴት ቤት ሠርተው በኖሩበት ጊዜ በ1941 ውስኪ የጫነ መርከብ በአቅራቢያው ተሰበረ። ይህን መነሻ አድርገው በ1947 የጻፉት አስቂኝ ልብ ወለድ በ1949 ፊልም ሆኖ በብዙ አገር ታየ። በ1952 የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው። የመጽሔታቸውን አዘጋጅነት የለቀቁት በ1961 ነው፤ ይኸውም 38 ዓመት ከመሩት በኋላ ማለት ነው።

ሰር ኮምፕተን ማኬንዚ በኖቬምበር 30 ቀን 1972 በኤዲንብራ ከተማ በ89 ዓመታቸው ዐረፉ። የተቀበሩት በሚወዷት በባራ ደሴት ነው። በቀብራቸው ላይ የስኮትላንድን ባግፓይፕ የነፉላቸው አዛውንት ወዳጃቸው እዚያው ቦታ ላይ ወድቀው ሞቱ።

መጽሔቱ ግን ከመሥራቹ ጋራ አልተቀበረም፤ በ2023 መቶ ዓመት ሞላው። ከዚህ ሰው ሕይወት ወጣቱ አንባቢ ሊወስድ የሚችለው ነገር አለ። ሙዚቃ ለመስማት ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ስለ ሰሙት ነገር በቅንነት ለመናገር ግን ደጋግሞ መስማት፣ የሌላውን አሳብ መታገሥ፣ ሲሳሳቱም መመለስ ያስፈልጋል። እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ጥሩ ሸክላ ያለው ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ከሚሰማው ሁለት ጓደኞቹን ጠርቶ፣ ቡና አስፈልቶ አብሮ ቢሰማ ይሻላል። ሙዚቃው ሲያልቅም ጥቂት ዝም ይበሉ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የሰማውን ይናገር።