ቤብ ዛሃሪያስ፤ ከኦሎምፒክ መም እስከ ጎልፍ ሜዳ

በኦሎምፒክ አትሌቲክስ ታሪክ በሩጫም፣ በዝላይም፣ በውርወራም በግል ተወዳድሮ ሜዳሊያ የወሰደ ሰው አንድ ብቻ ነው። እሷም ሴት ናት። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሟ ሲነሳ ለመኖር በቂዋ ነበር። ሚልድሬድ ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ ግን በአትሌቲክሱ አላበቃችም። ወደ ጎልፍ ሜዳ ገብታ የዘመኑን ሴቶች ሁሉ አስከትላለች፣ ከወንዶች ጋር ተሰልፋ ማጣሪያ አልፋለች፣ ለሴት ፕሮፌሽናሎች እስከ ዛሬ የቆመ ማህበር ካቋቋሙት አንዷ ሆናለች። በመጨረሻም በዘመኑ ስሙ እንኳ ጮክ ተብሎ የማይጠራውን በሽታ በአደባባይ ተጋፍጣዋለች።

የአናጢው ልጅ

ቤብ የተወለደችው እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1911 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት ፖርት አርተር በምትባል የነዳጅ ከተማ ነው። ወላጆቿ ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ አባቷ በአናጢነት ሙያ ትልቅ ቤተሰብ ያስተዳድር ነበር። ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ጎረቤቷ የቦሞንት ከተማ ተዛወረ። እሷ ኋላ ላይ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ የተወለደችው በ1914 እንደሆነ ብትገልፅም የክርስትና መዝገቧ የሚያሳየው 1911ን ነው። ዕድሜ መቀነስ ለቤብ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ራሷን ማሳመር ትወድ ነበር።

ቤብ የሚለው ቅፅል ስም የመጣው በሰፈር የቤዝቦል ጨዋታ ኳሱን እንደ ዝነኛው ቤብ ሩት አርቃ ስለምትመታ ነው እያለች ታወራ ነበር። ሌሎች ደግሞ እናቷ በልጅነቷ ታቆላምጥበት የነበረ መጠሪያ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ልጅቷ ያልሞከረችው ስፖርት አልነበረም። ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ሳትጨርስ በ1930 ዳላስ የሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ወሰዳት። በወረቀት ላይ ፀሐፊ ተብላ ተቀጠረች፤ ዋናው ሥራዋ ግን መጫወት ነበር። ከደመወዟም ለቤተሰቧ ትልክ ነበር።

ብቻዋን ቡድን የሆነችው

በጁላይ 1932 ኢሊኖይ ግዛት ኢቫንስተን ውስጥ የአሜሪካ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲካሄድ ክለቦች አትሌቶቻቸውን በብዛት ይዘው መጡ። የዳላሱ ኩባንያ ግን የላከው ቤብን ብቻ ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ በስምንት ዓይነት ውድድር ላይ ተሳተፈች። አምስቱን አሸነፈች፤ በከፍታ ዝላይ ደግሞ ከጂን ሺሊ ጋር አንደኛነቱን ተጋራች። ውጤቱ ሲደመር ጉድ ተባለ። ቤብ ብቻዋን 30 ነጥብ ስትሰበስብ ሁለተኛ የወጣው የኢሊኖይ ክለብ በ22 አትሌቶቹ ያገኘው 22 ነጥብ ነበር።

በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ አንዲት ሴት መወዳደር የምትችለው ቢበዛ በሦስት ዓይነት ብቻ ነበር። ቤብ በጦር ውርወራ ወርቅ ወሰደች። በ80 ሜትር መሰናክል በ11.7 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ሁለተኛውን ወርቅ አጠለቀች። በከፍታ ዝላይ ከሺሊ ጋር እኩል ብትዘልም ዳኞቹ አዘላለሏ ጭንቅላቷን ያስቀደመና ከደንብ ውጪ ነው ብለው ብር ሰጧት። በዚህ ውሳኔ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ተቆጭታለች።

ከኦሎምፒኩ በኋላ የጠበቃት ግን ምቾት አልነበረም። ዓመቱ ሳያልቅ ፎቶዋ በመኪና ማስታወቂያ ላይ ወጣ ተብሎ የአማተር አትሌቲክስ ማህበሩ አገዳት። እገዳው ቢነሳም እሷ ፕሮፌሽናል መሆንን መረጠች። ለሴት ፕሮፌሽናል አትሌት በዚያ ዘመን የሚሆን ውድድር የት ይገኛል? ስለዚህ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ሃርሞኒካ እየነፋች ሕዝብ አዝናናች። በስሟ የተሰየመ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይዛ ከተማ ለከተማ ዞረች። ፂማቸውን ካሳደጉ የቤዝቦል ተጫዋቾች ጋርም አገር አቋረጠች። አሜሪካ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ በነበረችበት በዚያ ጊዜ ይህ እንጀራ ነበር።

ጎልፍና የሀብታሞቹ ክለብ

ለጎልፍ እንግዳ ለሆኑ አንባቢያን ጨዋታው እንዲህ ነው። ትንሿን ኳስ በዱላ እየመቱ 18 ጉድጓዶች ውስጥ በየተራ ማስገባት ሲሆን በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። አንዳንዱ ውድድር ደግሞ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተገናኝቶ ብዙ ጉድጓድ ያሸነፈ የሚያልፍበት ነው። በ1930ዎቹ የሴቶች ጎልፍ የሀብታም ቤት ልጆችና ሚስቶች መዝናኛ ነበር። የአናጢ ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

ቤብ ግን የያዘችውን የምትለቅ አልነበረችም። በቀን እስከ 1000 ኳስ ትመታ ነበር። እጇ ተልጦ ሲደማ በፋሻ ጠቅልላ ትቀጥላለች። በ1935 በሂውስተን ከተማ የቴክሳስ ሴቶች አማተር ሻምፒዮና ላይ ስትመዘገብ አንዳንዶቹ የክለብ እመቤቶች የሠራተኛ ልጅ ከእኛ ጋር አትጫወትም በሚል ፊታቸውን አዞሩባት። እሷም ዋንጫውን ወስዳ ሄደች። ነገር ግን ደስታዋ አልዘለቀም። የአሜሪካ ጎልፍ ማህበር ቀደም ሲል በሌላ ስፖርት ገንዘብ ተቀብላለችና አማተር አይደለችም ሲል ከአማተር ውድድር አስወጣት። ለሴት ፕሮፌሽናሎች ደግሞ ውድድር የለም ማለት ይቻላል። በሩ ከሁለት በኩል ተዘጋባት።

በጃንዋሪ 1938 በሎስ አንጀለስ ኦፕን ከወንዶች ጋር ተመዘገበች። አዘጋጆቹ አብረዋት እንዲጫወቱ የመደቡላት አንድ የሃይማኖት ሰውና ጆርጅ ዛሃሪያስ የሚባል ግዙፍ የነፃ ትግል ተጫዋች ነበሩ። ማጣሪያውን ማለፍ ባትችልም ባል አገኘች። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ተጋቡ። ዛሃሪያስ ገንዘብ ነበረውና ቤብ ለሽልማት መጫወቷን አቁማ አማተርነቷን እስክታስመልስ ድረስ እንድትጠብቅ አስቻላት። ለዓመታት አንድም የገንዘብ ሽልማት ሳትነካ ቆይታ በ1943 ተፈቀደላት።

በ1945 ተመልሳ ሎስ አንጀለስ ኦፕን ላይ ስትሰለፍ የመጀመሪያዎቹን የ36 ጉድጓድ ጨዋታዎች ማጣሪያ ከወንዶቹ ጋር አለፈች። በዋናው የወንዶች ቱር ይህን ያደረገች ሌላ ሴት እስከ ዛሬ አልተገኘችም። ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም በ2003 በኮሎኒያል ውድድር ከወንዶች ጋር ስትገባ ከቤብ በኋላ 58 ዓመት አልፎ ነበር፤ እሷም ማጣሪያው ላይ ቀርታለች።

የስኮትላንዱ ዘመቻ

ከ1893 ጀምሮ በሚካሄደው የብሪታንያ ሴቶች አማተር ሻምፒዮና አሜሪካዊት አሸንፋ አታውቅም ነበር። ትልልቅ ስም ያላቸው ተጫዋቾች ውቅያኖሱን እያቋረጡ ሄደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ቤብ በ1946 የአሜሪካን አማተር ሻምፒዮና ከወሰደች በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስኮትላንዷ ጉለን አመራች።

ቦታው ባሕር ዳር በመሆኑ ብርዱና ነፋሱ አይጣል ነው። እሷ የያዘችው ደግሞ የቴክሳስ ፀሐይ ልብስ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ ገና ሁለት ዓመት ስለነበር ልብስ በራሽን ይሸጣል። ችግሯ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የአካባቢው ሰው ለራሱ ያልተረፈውን ልብስ በጥቅል በጥቅል እያደረገ ላከላት። እሷም ከመሃሉ አንድ ወፍራም ሱሪ መርጣ እሱን ለብሳ ተጫወተች። ጨዋነት የለመደው ተመልካች መጀመሪያ ግራ ቢገባውም በቀልዷና በምቷ ርዝመት ተማርኮ ብዙም ሳይቆይ ደጋፊዋ ሆነ። በፍፃሜው ጃክሊን ጎርደንን 4 ጉድጓድ ሲቀር በ5 ጉድጓድ ብልጫ ረታችና በውድድሩ ታሪክ የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሻምፒዮን ሆነች።

በዚያ ሰሞን 17 ውድድር በተከታታይ አሸነፈች እየተባለ ይነገር ነበር። ኋላ የቆጠሩት ሰዎች ግን መሃል ላይ የተዘለለች አንዲት ሽንፈት አግኝተዋል። ቤብ ናትና ወሬውን አላረመችም። ቢቀነስም እንኳ ውጤቱ የሚያስደንቅ ነው።

ማህበሩና ጉረኛዋ ኮከብ

በ1947 ፕሮፌሽናል ስትሆን ለሴቶች ያለው ውድድር በጣት የሚቆጠር ነበር። በ1948 የአሜሪካ ሴቶች ኦፕንን በስምንት ምት ብልጫ አሸንፋ ያገኘችው ሽልማት 1200 ዶላር ነው። ቀደም ሲል ተቋቁሞ የነበረው የሴት ፕሮፌሽናሎች ማህበር አቅም አጥቶ ሲፈርስ በ1950 ቤብን ጨምሮ 13 ተጫዋቾች ኤል ፒ ጂ ኤ የሚባለውን አዲስ ማህበር መሠረቱ። ፓቲ በርግ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ሴቶቹ ከከተማ ከተማ በመኪና እየተጓዙ ሜዳውን ራሳቸው ያዘጋጁ፣ ውጤቱን ራሳቸው ይመዘግቡ ነበር። ቲኬት የሚያስገዛው ግን የቤብ ስም ነበር። በዚያው ዓመት የሴቶቹን ሦስት ታላላቅ ውድድሮች ጠቅልላ ወሰደች፤ አሶሺየትድ ፕሬስም የግማሽ ክፍለ ዘመኑ ምርጥ ሴት ስፖርተኛ ሲል መረጣት።

በ1951 የአሜሪካ ሴት ፕሮፌሽናሎች ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በዌንትዎርዝ ከታወቁ የብሪታንያ ወንድ አማተሮች ጋር ገጠሙ። ቤብ ሴቶች ከሚጀምሩበት ቀረብ ያለ ቦታ ሳይሆን ከወንዶቹ መነሻ እመታለሁ አለች። ተጋጣሚዋን ሊዮናርድ ክሮሊንም አሸነፈችው።

ይሁንና ሁሉም ይወዳት ነበር ማለት አይደለም። መልበሻ ክፍል ገብታ ዛሬ ሁለተኛ የምትወጣው ማን ናት እያለች መጠየቅ ልማዷ ነበር። ለእሷ ብቻ ከአዘጋጆች በስውር የሚከፈላት ገንዘብ ጓደኞቿን አስቆጥቷል። ሲናገሯት ሕዝቡ የሚመጣው እኔን ብሎ ነው ትላለች። የሚያናድደው ደግሞ ንግግሯ እውነት መሆኑ ነው። ጉራዋን የጠሉት እነዚያው ተጫዋቾች ያለ እሷ ማህበሩ በእግሩ መቆሙን ይጠራጠሩ ነበር።

ስሙ የማይጠራው በሽታ

በኤፕሪል 1953 በስሟ በተሰየመው የቦሞንቱ ውድድር አሸንፋ እንደጨረሰች ድካሙ ስለበዛባት ሐኪም ዘንድ ሄደች። የአንጀት ካንሰር ተገኘባት። በዚያው ወር በተደረገላት ቀዶ ሕክምና የታመመው የአንጀት ክፍል ወጥቶ ሆዷ ላይ የሰገራ መውጫ ቀዳዳ ተሠራላት። ሐኪሞቹ በሽታው ወደ ሌላው የሰውነቷ ክፍል መሰራጨቱን ቢያዩም የነገሯት ለባሏና አብራቸው ትኖር ለነበረችው ወጣት ጎልፍ ተጫዋች ቤቲ ዶድ ብቻ ነው። እሷ ሳታውቅ ቀረች። ሁለቱ ምስጢሩን ይዘው፣ እሷ ደግሞ ተስፋዋን ይዛ ኖሩ። ዶድ ሆስፒታሉ ውስጥ አጠገቧ እየተኛች ያስታመመቻት ሲሆን የጎልፍ ዱላዎቿ ሕመምተኛዋ በምታያቸው ቦታ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ነበር።

ከእንግዲህ ጎልፍ አትጫወትም ተብሎ ተጻፈ። ቤብ ግን ከሦስት ወር ተኩል በኋላ ቺካጎ አቅራቢያ ወደ ውድድር ተመለሰች። ጉልበቷ ከድቷት ሜዳው ላይ ያለቀሰችበት ቀን ቢኖርም አላቋረጠችም። በዘመኑ ካንሰር እንደ ነውር የሚደበቅ፣ በጋዜጣ ላይ እንኳ በረጅም ሕመም እየተባለ የሚታለፍ ነበር። እሷ ግን ያደረባትን በሽታ በስሙ ጠርታ ተናገረች። ሌሎች ታማሚዎች ደብዳቤ ይጽፉላት፣ እሷም በየሄደችበት ከተማ ሆስፒታል እየገባች ትጠይቃቸው ነበር። በኤፕሪል 1954 ዋይት ሐውስ ተጋብዛ ከፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጋር የፀረ ካንሰር ዘመቻውን አስጀምራለች።

በጁላይ 1954 የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን በማሳቹሴትስ ፒቦዲ ከተማ ተካሄደ። በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዙር በአንድ ቀን መጫወት ግዴታ ነበር። ይህ ለጤነኛም የሚከብድ ነው። የ43 ዓመቷ ቤብ ሆዷ ላይ የታሰረውን ይዛ ቀኑን ሙሉ ተጓዘች። ስትጨርስ የምቷ ድምር 291 ሆነ፤ ሁለተኛ ከወጣችው ቤቲ ሂክስ የለየቻት በ12 ምት ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ስትሆን ሽልማቷ 2000 ዶላር ነበር።

በ1955 ሁለት ውድድር ብታሸንፍም ጀርባዋን ያማት ጀመር። ካንሰሩ ተመልሶ ነበር። አሁን ምስጢሩ ምስጢር መሆኑ ቀረ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 1956 ጋልቬስተን በሚገኘው ሆስፒታል በ45 ዓመቷ አረፈች። አይዘንሃወር የዕለቱን ጋዜጣዊ መግለጫቸውን የከፈቱት እሷን በማሰብ ነበር። አስከሬኗ ያረፈው ባደገችበት ቦሞንት ነው።

ቤብ በፕሮፌሽናል ጎልፍ ከ40 በላይ ውድድሮችን ስታሸንፍ አሥሩ ታላላቅ ዋንጫዎች ናቸው። በኦሎምፒክ ጎልፍ ለመጫወት ግን ዕድል አላገኘችም፤ የሴቶች ጎልፍ ከ1900 የፓሪስ ውድድር በኋላ የተመለሰው በ2016 በሪዮ ስለሆነ ነው። እሷ 2000 ዶላር የወሰደችበት የአሜሪካ ሴቶች ኦፕን በ2024 ለተጫዋቾች ያዘጋጀው ጠቅላላ ሽልማት 12 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። በ1950 ገንዘብ አጥተው ሜዳውን በራሳቸው እጅ ያዘጋጁ የነበሩት 13 ሴቶች ያቆሙት ማህበር ዛሬም ውድድር ያካሂዳል።