የላይም ገደል ልጅ፦ የሜሪ አኒንግ ሕይወትና ውርስ

በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ፣ ዶርሴት በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ላይም ሪጂስ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ግራና ቀኟ በኖራ ድንጋይና በሸክላማ አለት ንብብር የቆመ ጠቆር ያለ ገደል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብና ማዕበል ይህን ገደል ይንዱታል፤ ከናዳውም ውስጥ ዕድሜያቸው ወደ 200 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካላት ብቅ ይላሉ። ሜሪ አኒንግ በ1799 እ.ኤ.አ. የተወለደችው በዚህች ከተማ ነበር።

አባቷ ሪቻርድ አናጢ ሲሆን፣ ከሥራው በተረፈው ጊዜ ቅሪተ አካላት እየለቀመ ለአየር ለውጥ ወደ ከተማይቱ ለሚመጡ ባለጸጎች ይሸጥ ነበር። ለልጆቹ ለጆሴፍና ለሜሪም ይህንኑ አስተማራቸው። በ1810 ሲሞት ለቤተሰቡ የተወላቸው ዕዳንና ይህን ዕውቀት ነበር። ከዚያ ወዲህ ለቀማው ለአኒንግ ቤት የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የዕለት እንጀራ ማግኛ ሆነ።

በ1811 ጆሴፍ የአንድ እንግዳ አውሬ ራስ ቅል አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ሜሪ የቀረውን አካል አገኘች። በኋላ ኢክትዮሳውር የተባለው ይህ የባሕር ተሳቢ እንስሳ በ23 ፓውንድ ተሸጠ። ያም ሆኖ ችግሩ አልተወገደም። በ1820 ቤተሰቡ የቤት ዕቃውን ለመሸጥ በተቃረበ ጊዜ፣ ቶማስ በርች የተባለ ደንበኛቸው የራሱን ስብስብ በጨረታ ሸጦ ያገኘውን 400 ፓውንድ ያህል ሰጣቸው።

ሜሪ የረባ ትምህርት ቤት አልገባችም። የሳይንስ ጽሑፎችን ተውሳ በእጇ ትገለብጥ ነበር፤ የአጥንቱን አሠራር ለመረዳትም ዓሣ እየበለተች ታነጻጽር ነበር። በ1823 መጨረሻ የመጀመሪያውን የተሟላ ፕሌሲዮሳውር አወጣች። አንገቱ ከመጠን በላይ ረጅም በመሆኑ ታላቁ የፈረንሳይ ሊቅ ኩቪዬ ሐሰተኛ እንዳይሆን ተጠራጠረ፤ ነገሩ በተመረመረ ጊዜ ግን እውነተኛነቱን ተቀበለ። በ1828 ደግሞ ከጀርመን ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን በራሪ ተሳቢ እንስሳ አገኘች።

ሆኖም በ1824 ፕሌሲዮሳውሩ ለለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ሲቀርብ የአገኚዋ ስም አልተነሣም። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው ገና በ1919 ነበር። ክብሩ ለጸሐፊውና ለገዢው ሲሆን፣ አደጋው ለእርሷ ነበር፤ በ1833 የወረደ ናዳ ከአጠገቧ የነበረውን ውሻዋን ቀብሮ እርሷን ለጥቂት ሳታት። ወዳጇ ሄንሪ ደ ላ ቤሽ በ1830 የጥንቱን ባሕር የሚያሳይ ሥዕል ሠርቶ ከኅትመቱ ሽያጭ ረዳት፤ በኋላም መጠነኛ የዓመት ጡረታ ተቆረጠላት። በ1847 በጡት ካንሰር ስትሞት ዕድሜዋ 47 ነበር።

እርሷ የለቀመችበት ገደል ዛሬ ሰፊ የጥበቃ ክልል ነው። በ2001 የዶርሴትና የምሥራቅ ዴቨን ጠረፍ በ155 ኪሎ ሜትር ርዝመቱ፣ የ185 ሚሊዮን ዓመት የምድር ታሪክ በመያዙ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ጥበቃው ግን ለመሐንዲስ እንግዳ ነገር አለው፤ ቅርሱ የሚጠበቀው መናዱን በማቆም ሳይሆን እንዲናድ በመተው ነው። ገደሉ በግንብ ቢዘጋ አዲስ አለት አይገለጥም፤ የወደቀው ካልተለቀመም ማዕበል ይፈጨዋል። በሌላ በኩል ሰው ቤቱ ሲፈርስ ዝም ብሎ ማየት አይቻለውም። ስለዚህ ከ2005 እስከ 2007 በራሷ በከተማይቱ ጠረፍ የመከላከያና የተዳፋት ማጠናከሪያ ሥራ ሲካሄድ፣ ከከተማው ውጭ ያለው የገደሉ ብዙ ክፍል ለተፈጥሮ ተትቷል።

የአካባቢው ሰውም ከቅርሱ አልተባረረም። በምዕራብ ዶርሴት በሚሠራበት የለቀማ ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ ገደሉን መቆፈር ክልክል ነው፤ የወደቀውን መልቀም ግን ይቻላል። ለሳይንስ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ግኝት ይመዘገባል፤ ባለቤትነቱም ለለቃሚው ይሆናል፤ ሊሸጠው ቢፈልግ ቅድሚያ የሚሰጠው ለቤተ መዘክሮች ነው። አኒንግ ያለ መብትና ያለ ስም የሠራችው ሥራ እንዲህ ደንብ ወጣለት።

በተወለደችበት ቤት ቦታ ላይ ዛሬ የከተማይቱ ቤተ መዘክር ቆሟል፤ በ2022 ሐውልቷ ተመርቋል። ከክረምቱ ማዕበል በኋላም መዶሻቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር የሚወርዱ የላይም ሰዎች ዛሬም አሉ።